«የሚያውቅ ሰው ይጫንልኝ»፦ እውነት ወይስ ተረት?

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ዳባትና ደባርቅ የሚወጣ ሰው ኮሶዬ ሲደርስ ጋቢውን ጠበቅ ያደርጋል። ከአስፋልቱ ጥቂት እንደተራመዱ ደጋው ድንገት ያበቃል፤ ከእግር ሥር ገደል፣ ከገደሉ ወዲያ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ቆላ ነው። የአክስቴ ልጅ በአንድ የጥቅምት ጠዋት እዚያ አፋፍ ላይ ላፕቶፑን ከፈተና «ጋሼ፣ እስኪ ይቺን እያት» አለኝ። ስክሪኑ ጥግ ላይ የሜታማስክ ቀበሮ ተቀምጣለች። ከሥሯ ያለው ሒሳብ ዜሮ ይላል።

ልጁ ደባርቅ ላይ አስጎብኚ ነው፤ እንግዶችን ይዞ ወደ ስሜን ተራሮች ይወጣል። ባለፈው በጋ አንድ እንግዳ ጉርሻውን በክሪፕቶ ልስጥህ አለው። ዋሌት የሚባለውን ነገር ከዚያ በፊት ነክቶት ስለማያውቅ፣ ሁላችንም እንደምናደርገው ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ሄደ። ጠጋኙ «አምጣው፣ እኔ እጭንልሃለሁ» አለ፤ ጫነለትም። ሲጨርስ በአንድ አሮጌ ደረሰኝ ጀርባ ላይ 12 የእንግሊዝኛ ቃላት ጻፈለትና፣ «ብትጠፋብህ እንኳ እኔ ጋ ትገኛለች» ብሎ ወረቀቷን በገዛ ስልኩ ፎቶ አነሳት። 150 ዶላሩ ገባ። በአራተኛው ቀን ወጣ።

ደረሰኟን አሳየኝ፤ እርጥበት ጠጥታ ጠርዟ ለስልሷል። ልጁ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሚያምነው ኮምፒውተሩ ውስጥ ቫይረስ ገብቶ ገንዘቡን እንደበላው ነበር። ጠጋኙን ሌባ ነው አልልም፤ እሱ ወስዶት ይሁን ወይም ፎቶዋን ከስልኩ ሌላ ሰው አግኝቷት ይሁን ማንም ማረጋገጥ አይችልም። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ልጁ ከዚያች ሱቅ ሲወጣ የያዘው ዋሌት ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ ይህንንም ማንም አልነገረውም። በየሻይ ቤቱና በየካምፓሱ የምሰማቸውን ተረቶች ለይቼ ለመጻፍ የተነሳሁት ያን ቀን ነው።

ልጁ የተጫነለት ዋሌት ኤክስቴንሽን የሚባለው ዓይነት ነው፤ መጀመሪያ ይህን ስም እናጥራ። በእኛ አገር ኤክስቴንሽን ሲባል ገበሬው የግብርና ባለሙያውን ያስባል፣ ተማሪው የማታ ትምህርቱን፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ የመብራት ገመዱን። እዚህ የማወራው ክሮምና ፋየርፎክስን በመሳሰሉ ብሮውዘሮች ላይ ስለሚጨመር አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ሜታማስክ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ ከነዚህ ውስጥ በስፋት የሚታወቀው የክሪፕቶ ዋሌት ነው። ብዙ የውሸት ቅጂ የሚሠራበትም ስለሚታወቅ ነው።

ሕጉንም ሳልናገር አላልፍም። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. መገባደጃ ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑን፣ ቢትኮይንንና መሰሎቹን ለክፍያ ማዋል ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ደግሞ በዚያው ዓመት ማብቂያ በክሪፕቶ ማይኒንግና ዝውውር የተሰማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጠርቷል። የልጁ ጉርሻ ራሱ በዚህ መንገድ መቀበል ያልነበረበት ነው፤ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። ታዲያ ለምን ስለ አጫጫን እጽፋለሁ? ሰው እየጫነ ስለሆነ ነው። በ2016 ዓ.ም. ኖትኮይን፣ ቀጥሎም ሐምስተር ኮምባት የሚባሉት የቴሌግራም ጨዋታዎች ሲመጡ ከአዲስ አበባ እስከ ደባርቅ ስልክ የያዘ ወጣት ሁሉ ስክሪን ሲነካካ ከረመ። የሐምስተር ሳንቲም ለገበያ የወጣው መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ የደመራ ዕለት። ብዙዎቹ ዋሌት የሚለውን ቃል የሰሙት በዚያ ሰሞን ነው፤ ያስተማራቸው ደግሞ ጓደኛ፣ ቲክቶክና የቴሌግራም ቻናል ነው። ገንዘቡ ከጠፋ የሚያመለክቱበት ቅርንጫፍ የለም። የማይመለስ ነገር የያዘ ሰው ደግሞ ሳይዘው በፊት ማወቅ አለበት።

ተረት፦ «እኔ አላውቅበትም፤ የሚያውቅ ሰው ቢጭንልኝ ይሻላል»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያስበላው ይህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

እኛ ዘንድ አካውንት የሚከፈተው በሌላ ሰው እጅ ነው። እናቶቻችን ፌስቡክ የከፈተላቸው የሰፈር ልጅ ነው። የሥራ ማመልከቻ የሚልክ ተመራቂ ኢሜይሉን ያስከፈተው ኮምፒውተር ቤት ነው፤ ፓስወርዱም እዚያው ደብተር ላይ ተጽፎ ቀርቷል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲመጣም ስንቱ ሰው ስልኩን አቀብሎ «አስተካክልልኝ» ብሏል። ይህ ልማድ ከደግነት የመጣ ነው፤ የሚያውቅ ላላወቀ ይሠራለታል። እስካሁን ብዙ ጉዳት ሳያመጣ የኖረውም ከኋላው መመለሻ ስላለው ነው። የፌስቡክ ፓስወርድ ቢረሳ በስልክ ቁጥር ይቀየራል። ሲም ካርድ ቢጠፋ መታወቂያ ይዞ ቴሌ መሄድ ይቻላል። ባንክ ሒሳቡን ያግዳል፣ ፊርማ ያመሳክራል።

ዋሌት ላይ ይህ ሁሉ የለም። በደጋው ክፉ ቀን ሲመጣ እህሉን ጉድጓድ ቆፍሮ የሚቀብር ገበሬ እንደነበር አያቶቻችን ይነግሩን ነበር። ጉድጓዱ የት እንዳለ ያወቀ ሁሉ እህሉን ያወጣል፤ የቤቱ በር በስንት ቁልፍ ቢዘጋ ለውጥ የለውም። የክሪፕቶ ገንዘብም ኮምፒውተሩ ውስጥ የለም። ብሎክቼይን በሚባለው፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በያዙት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። 12ቱ ቃላት የጉድጓዱ ምልክት ናቸው። ኤክስቴንሽኑን ስትከፍቱ የምታስገቡት ፓስወርድ ግን የቤቱን በር፣ ማለትም ያንን አንድ ብሮውዘር ብቻ ነው የሚቆልፈው። ቃላቱን ያወቀ ሰው አዲስ አበባም ሆነ ዱባይ ተቀምጦ በራሱ ኮምፒውተር ያንኑ ዋሌት ይከፍታል፤ የእናንተን ፓስወርድ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ «ፓስወርዴን ቀይሬዋለሁ» የሚል ሰው ምንም አልቀየረም።

ቃላቱ የሚመረጡት እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣ 2,048 ቃላት ካሉት አንድ ዝርዝር ነው። ከዚያ ውስጥ 12ቱን በተራቸው ገምቶ ማግኘት በዓለም ላይ ባሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ ቢሞከር እንኳ የሚሆን አይደለም። ሌባ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ግምት ውስጥ ገብቶ አይደክምም። ባለቤቱ ራሱ እንዲሰጠው ነው የሚሠራው፤ የውሸት ኤክስቴንሽን፣ የውሸት ድረ ገጽ፣ የውሸት «ድጋፍ ሰጪ» ሁሉ የሚጥሩት ለዚያች አንዲት ቅጽበት ነው።

የዚህ ተገላቢጦሽም አለ፣ እሱ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ቼክ ፖይንት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ባጋለጠው ማጭበርበር፣ ፋንተም የተባለውን ዋሌት ያስመሰለ ድረ ገጽ አዲስ ዋሌት ለሚከፍት ሰው 12 ቃላት አዘጋጅቶ ይሰጠው ነበር። ቃላቱ የሌባው ዋሌት ቃላት ናቸው። ሰውየው በጥንቃቄ ይጽፋቸዋል፣ በጥንቃቄ ያስቀምጣቸዋል፣ ከዚያ ገንዘቡን በገዛ እጁ ሌባው ቤት ያስገባል። ስለዚህ ጓደኛ ይሁን ሱቅ፣ ተጽፎ ያለቀ የ12 ቃላት ወረቀት የሚያቀብላችሁ ሰው ካለ አትቀበሉ። ቃላቱ እናንተ «አዲስ ዋሌት ፍጠር» የሚለውን ስትጫኑ፣ በእናንተ ኮምፒውተር፣ በእናንተ ዓይን ፊት መወለድ አለባቸው።

የሚያውቅ ሰው ከጎናችሁ ይቀመጥ፤ መንገዱን ያሳያችሁ። አይጡን ግን እናንተ ያዙ። ቃላቱ ሊወጡ ሲሉ «እስኪ ፊትህን አዙርልኝ» በሉት። እዚህ ላይ ይሉኝታ ይይዘናል፤ የረዳንን ሰው «አታየኝ» ማለት እንደ ስድብ ይቆጠራል። ባንክ በር ላይ ካለው ማሽን ገንዘብ ስናወጣ ግን ከኋላችን የቆመው ሰው ሳይነገረው ሁለት እርምጃ ይርቃል፤ ማንም አይቀየምም። ደባርቅ ውስጥ «መጫን» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው በቅሎ ነው፤ በቅሎ ነጂው ሌላ ሰው ቢያግዘው እንኳ የመጨረሻዋን ገመድ ራሱ ነው የሚያጠብቃት፣ መንገድ ላይ ጭነቱ ቢዞር ተጠያቂው እሱ ነውና።

ቀድሞ በሌላ ሰው እጅ ያስጫናችሁ ካላችሁ ደግሞ መፍትሔው አንድ ነው፤ አዲስ ዋሌት ራሳችሁ ፍጠሩና ያለውን ሁሉ ወደዚያ አዛውሩ። አሮጌውን «ማጽዳት» የሚባል ነገር የለም።

ተረት፦ «ጎግል ላይ ከላይ የወጣው ትክክለኛው ነው»

ከላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው። አሁን ያነሳሁት የ2021 ማጭበርበር የተሠራው በትክክል በዚህ መንገድ ነው፤ ሌቦቹ ለጎግል ከፍለው የሜታማስክና የፋንተም ስም ሲፈለግ የእነሱ አድራሻ አናት ላይ እንዲወጣ አደረጉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የተወሰደው ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ ቼክ ፖይንት ገምቷል። አድራሻዎቹ ከእውነተኛው የሚለዩት በአንድ ሁለት ፊደል ነበር። እንግሊዝኛን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋነት ለምናነብ ሰዎች ይቺን አንዲት ፊደል መለየት ይበልጥ ከባድ ነው፤ ዓይናችን ቃሉን በሙሉ ያያል እንጂ ፊደሉን አይቆጥርም።

አድራሻውን ፊደል በፊደል፣ ራሳችሁ ጻፉት። ከድርጅቱ ዋና ድረ ገጽ ገብታችሁ፣ እዚያ ያለውን ማውረጃ ተከትላችሁ ወደ ብሮውዘሩ መደብር ሂዱ። ቴሌግራም ላይ የተላከ ሊንክ፣ የላከው ወንድማችሁ ቢሆን እንኳ፣ ለዚህ ጉዳይ አይሆንም፤ ወንድማችሁ የተላከለትን ነው ያስተላለፈው።

ተረት፦ «ከክሮም መደብር ከሆነ፣ አምስት ኮከብም ካለው አይታሰብም»

መደብሩ ያጣራል፤ ማጣራቱ ግን ወንፊት ነው፣ ግድግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ጎግል ከመደብሩ 49 የውሸት ዋሌት ኤክስቴንሽኖችን አስወግዷል። ሌጀር፣ ትሬዞር፣ ሜታማስክ፣ ኤክሶደስ እያሉ የታወቁ ስሞችን የለበሱ ነበሩ። ሁሉም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ቃላቱን እንድታስገቡ ይጠይቃሉ፣ ያስገባችሁትን ወደ ሌባው ይልካሉ። የፋየርፎክስ መደብርም አልዳነም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ኮይ ሴኩሪቲ የተባለ ድርጅት ከ40 በላይ የውሸት ዋሌቶችን እዚያ ማግኘቱን ሲገልጽ፣ አንዳንዶቹ በመቶዎች የሚቆጠር ባለ አምስት ኮከብ አስተያየት ነበራቸው። አስተያየቱን የጻፉት ሌቦቹ ራሳቸው ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 እውነተኛው ሜታማስክ በስህተት ከክሮም መደብር ወጥቶ ለሰዓታት ጠፍቶ ነበር። በዚያ ሰዓት በስሙ የፈለገ ሰው ሊያገኝ የሚችለው እውነተኛውን አልነበረም። ስለዚህ «የፈለግሁት ስም ወጣልኝ» ማለት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ኮከቡን ተዉትና የአዘጋጁን ስም ተመልከቱ፤ ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት ተመልከቱ። በዓለም የታወቀ ዋሌት ተጠቃሚው በሚሊዮን ይቆጠራል። ጥቂት ሺህ ብቻ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። የመጣችሁት ከዋናው ድረ ገጽ መሆኑ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

ተረት፦ «ለስልክ ክሮም የሚሆን የዋሌት ኤክስቴንሽን አለ፤ ፋይሉን በዜንደር ልላክልህ»

አጭር መልስ፦ የአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። «የክሮም ኤክስቴንሽን» ተብሎ ለስልክ የተላከላችሁ ኤፒኬ ፋይል ሌላ ነገር ነው። ፋየርፎክስ በስልክም ኤክስቴንሽን ይቀበላል፤ ሜታማስክም ለስልክ የራሱ አፕሊኬሽን አለው፤ የሚወርደው ግን ከዋናው መደብር ነው። ዳታ ውድ በሆነበት አገር አፕሊኬሽን በዜንደር መቀባበላችን ይገባኛል፤ ሙዚቃና ጨዋታ ተቀባበሉ። ዋሌት ግን ስንት እጅ እንዳለፈ በማይታወቅ ፋይል አይጫንም። ዋናው መደብርም ቢሆን ይስታል፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ኢሴት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በጎግል ፕሌይ ላይ ሜታማስክ ነኝ የሚል፣ ኮፒ ያደረጋችሁትን የዋሌት አድራሻ በሌባው አድራሻ የሚተካ አፕሊኬሽን አግኝቷል።

ተረት፦ «ኢንተርኔት ቤት እጭነውና ስወጣ አጠፋዋለሁ»

አይሆንም። የማታውቁት ሰው ባለቤት በሆነበት ኮምፒውተር ላይ የምትጽፉትን ሁሉ የሚቀዳ ፕሮግራም ሊኖር ይችላል፤ ባለቤቱም ላያውቀው ይችላል፣ የተሰበረ ዊንዶውስ የጫነለት ሰው አብሮ አስገብቶት ይሆናል። ስትወጡ የምታጠፉት ኤክስቴንሽኑን ነው፤ የተቀዳው ቃል አይጠፋም። የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ክፍልም ለዚህ ጉዳይ እንደዚያው ነው።

ተረት፦ «ቃላቱን ፎቶ አንስቼ ሴቭድ ሜሴጅ ላይ አስቀምጫለሁ፤ አይጠፋብኝም»

አይጠፋባችሁም፤ ለብቻችሁም አይሆንም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ካስፐርስኪ ስፓርክካት ያለውን ተንኮል አዘል ፕሮግራም አጋልጧል፤ በጎግል ፕሌይም በአፕል መደብርም በነበሩ አፕሊኬሽኖች ውስጥ ተደብቆ፣ የስልኩን ፎቶዎች አንድ በአንድ እያነበበ የዋሌት ቃላት ያለባቸውን መርጦ የሚልክ ነው። ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍን ማሽን እንደ ሰው ያነባል። ቴሌግራማችሁን የነጠቀ ሰውም መጀመሪያ የሚፈልገው ሴቭድ ሜሴጅን ነው።

ወረቀት ይሻላል። ኮሶዬና ደባርቅ ላይ ደግሞ እስክሪብቶ አትመኑ፤ ጉሙ ቤት ውስጥ ይገባል፣ ቀለሙ ይፈሳል። እርሳስ በእርጥበት አይፈስም። በሁለት ወረቀት ጽፋችሁ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አይጥና ጭስ ከማይደርስበት፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ወረቀቱ ላይ «የክሪፕቶ ቁልፍ» ብላችሁ አትጻፉ።

አንድ ነገር ደግሞ የእኛ ብቻ የሆነ አለ። 12ቱ ቃላት የሚመረጡበት ዝርዝር በጃፓንኛ፣ በኮሪያኛ፣ በስፓኒሽና በሌሎች ጥቂት ቋንቋዎች ተዘጋጅቷል፤ አማርኛ የለም። ሜታማስክ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። አንዳንዱ ሰው ታዲያ እንዲቀለው የእንግሊዝኛውን ቃል በፊደላችን ይገለብጠዋል። የአክስቴ ልጅ ጓደኛ እንዲህ አድርጎ ደብተሩን ሲያሳየኝ ደነገጥኩ። «ሊቭ» ብሎ ጽፏል። «መኖር» የሚለው ይሁን «መተው» የሚለው? በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸው የተለያየ ነው፣ ሁለቱም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ፣ በግዕዝ ፊደል ግን አንድ ሆነው ቁጭ ይላሉ። አንድ ቃል ብቻ ቢሆን ሁለቱንም መሞከር ይቻላል፤ እንዲህ ያለ ቃል ሲበዛ ግን መሞከሩ እየከበደ ይሄዳል። በላቲኑ ፊደል፣ በጉልህ፣ ተራ ቁጥር እየሰጣችሁ ጻፉ፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ዋሌቱ አይከፈትም። የዝርዝሩ አዘጋጆች ያደረጉት አንድ ደግ ነገር አለ፤ እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በመጀመሪያ አራት ፊደሎቹ ብቻ ከሌላው ይለያል። መጨረሻዋ ብትደበዝዝ መጀመሪያዋ ታድነዋለች።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ሳንቲም ሳታስገቡ ኤክስቴንሽኑን አጥፉት፤ እንደገና ጭናችሁ በወረቀቱ መልሱት። ያው አድራሻ ከመጣ ወረቀቱ ልክ ነው። ካልመጣም የጠፋው ባዶ ዋሌት ነው። ይህን ፈተና የሚያደርግ ሰው ከሃያ አንድ አላየሁም፤ እኔ ግን ከሁሉም ምክር አስበልጬ የምይዘው እሱን ነው።

ተረት፦ «ብዙ ፈቃድ የሚጠይቅ ኤክስቴንሽን ሌባ ነው፤ ትክክለኛው አይጠይቅም»

ይህኛው ግማሽ እውነት ያለበት ነው፤ ለዚህም ያሳስታል። እውነተኛው ሜታማስክ ሲጫን ብሮውዘሩ «በምትጎበኟቸው ድረ ገጾች ሁሉ ላይ ያለውን መረጃ ማንበብና መለወጥ ይችላል» የሚል ማሳሰቢያ ያወጣል። ሥራው ስለሚያስገድደው ነው። ስለዚህ በፈቃዱ ብዛት እውነተኛውን ከውሸተኛው መለየት አይቻልም።

ማሳሰቢያው የሚጠቅመው ለጎረቤቶቹ፣ ማለትም አብረውት ብሮውዘሩ ላይ ላሉት ሌሎች ኤክስቴንሽኖች ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለወራት ሲዘጉ ስንቱ ሰው ነው ያገኘውን ነፃ ቪፒኤን የጫነው? ኮምፒውተር ያለው በብሮውዘሩ ላይ ጨመረው፤ ማኅበራዊ ሚዲያው ሲከፈት ቪፒኤኑ እዚያው ቀረ። ያ ቪፒኤን፣ ያ የቪዲዮ ማውረጃ፣ ያ የዋጋ ማነጻጸሪያ ሁሉም ተመሳሳይ ፈቃድ አላቸው፤ ዋሌታችሁን ከእነሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ታሳድሩታላችሁ ማለት ነው። ክሮም ላይ አዲስ ፕሮፋይል መክፈት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ እያንዳንዱ ፕሮፋይል የራሱ ኤክስቴንሽን አለው። በአዲሱ ውስጥ ዋሌቱን ብቻ ጫኑ፤ ፊልም አትፈልጉበት፣ ፌስቡክ አትክፈቱበት።

በትክክል የተጫነም ቢሆን ለዘላለም ትክክል ሆኖ ይቆያል ማለት አይደለም፤ ኤክስቴንሽን ራሱን በራሱ ያድሳልና። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024፣ በፈረንጆች ገና ዋዜማ፣ ሳይበርሄቨን የተባለ ራሱ የደኅንነት ድርጅት የሆነ ኩባንያ ሠራተኛ በውሸት ኢሜይል ተታልሎ፣ የድርጅቱ ኤክስቴንሽን በተመረዘ ቅጂ ተተካ። በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 2025፣ የትረስት ዋሌት ኤክስቴንሽን 2.68 የሚለው እትም ተመርዞ ወጣና በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ከሰዎች ዋሌት ተጠርጎ ሄደ። እነዚያ ሰዎች ያጠፉት ነገር የለም። ለእንዲህ ያለው ነገር ተጠቃሚው ማድረግ የሚችለው አንድ ብቻ ነው፤ ሲጠፋ ቤቱን የሚያናጋ ገንዘብ ብሮውዘር ውስጥ ባለ ዋሌት አለማኖር።

ተረት፦ «ኔትወርክ ሲጠፋ ገንዘቡም አብሮ ይጠፋል»

በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ ይህን የጠየቁኝ ነበሩ። አይጠፋም። መዝገቡ ያለው እዚህ አይደለም። ማየትም ማዛወርም ግን አትችሉም፤ ቃላቱ በሌላ ሰው እጅ ካሉና እሱ ኔትወርክ ባለበት ካለ ደግሞ እሱ ይችላል። ኔትወርክ ሲመለስ ኤክስቴንሽኑ እስኪታደስ ጠብቁ እንጂ በችኮላ አትግቡ።

ተረት፦ «የጠፋውን የሚያስመልስ ባለሙያ ቴሌግራም ላይ አለ»

የአክስቴ ልጅ ይህንንም ሞክሯል። ገንዘቡ እንደጠፋ በአንድ ቻናል ላይ «እርዱኝ» ብሎ ጻፈ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሦስት «ድጋፍ ሰጪዎች» በግል መጡለት። አንዱ የኩባንያውን አርማ ለጥፏል፣ በትሕትና ይናገራል፣ «አይዞህ ወንድሜ» ይላል። ከዚያ 12ቱን ቃላት ጠየቀው። ሌላው መጀመሪያ 30 ዶላር ላክ አለው። እውነተኛ ድጋፍ ሰጪ ቀድሞ በግል አይጽፍላችሁም፤ ቃላቱንም በምንም ምክንያት አይጠይቅም። በብሎክቼይን ላይ አንዴ የተላከን ገንዘብ ከተቀባዩ በስተቀር የሚመልስ የለም። ያዘነን ሰው ዳግመኛ መዝረፍ ከሁሉ የከፋ ሌብነት ነው፤ ልጁ ሲነግረኝ ድምፁ ተቆራረጠ።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ፣ አክስቴ ቤት፣ እሳት ዳር ተቀምጠን ከባዶ ጀመርን። ገንዘብ አናስገባበትም፣ እጅህ እንዲለምድና ለጓደኞችህ እንድታሳያቸው ነው አልኩት። አዲስ ፕሮፋይል ከፈተ። አድራሻውን ጣቱን እያስቀደመ ፊደል በፊደል ጻፈ። መደብሩ ሲከፈት የአዘጋጁን ስም ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ «ጨምር» የሚለውን ተጫነ። እርሳስ ቀረጽኩለትና ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ከኋላዬ እርሳሱ ወረቀት ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። አንዴ ቆመ።

«ጋሼ፣ ‹ሼድ›...» ብሎ ሲጀምር ሳላስጨርሰው ቀደምኩት።

«አትንገረኝ!»

«ኧረ አንዲት ቃል ናት።»

«አንዲት ትሁን። ለእኔም አትናገር።»

ዝም አለ። ከዚያ ወረቀቱ ሲቀደድና እሳቱ ውስጥ ሲገባ ሰማሁ። «ሁለተኛ እንጀምር» አለኝ፤ ዞሬ ሳየው «አዲስ ዋሌት ፍጠር» የሚለው ላይ ጣቱን አድርጎ እኔ ፊቴን እስካዞር እየጠበቀኝ ነበር።